ጨረቃ ኮከብ ስትጋርድ የያዛችሁትን ሰዓት ለሳይንስ መላክ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ካለ ጣሪያ ላይ ሆኜ ከዋክብት ጨረቃ ጀርባ ሲገቡ ሰዓት መያዝ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆነውኛል። መጀመሪያ የሳቁብኝ ጎረቤቶቼ ነበሩ፤ ዛሬ በጥያቄ የሚያጣድፉኝም እነርሱው ናቸው። ከሐረር የሚደውሉ ወጣቶች ሲጨመሩበት ጥያቄው በዛና መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ግድ ሆነ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ወደታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ጨረቃ ኮከብ ጋረደች ሲባል ምን ማለት ነው?

ጨረቃ በከዋክብቱ መካከል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትጓዛለች፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል። በመንገዷ ላይ ኮከብ ካለ ትሸፍነዋለች፣ ቢበዛ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ በሌላኛው ጎኗ ይወጣል። ጨረቃ አየር የላትምና ኮከቡ እየፈዘዘ አይሄድም፤ እፍ እንዳሉት ኩራዝ ድርግም ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ይደነግጣል፣ በድንጋጤውም ሰዓቱን መያዝ ይረሳል። እኔም ረስቻለሁ።

ለሳይንስ የሚላከው ይኸው ነው፦ የትኛው ኮከብ፣ ከየት ቦታ ሆናችሁ ስታዩ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ከስንት ሰከንድ ጠፋ ወይም ወጣ።

ጨረቃ በሌዘር በምትለካበት ዘመን የእኛ ሰዓት ምን ይፈይዳል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም መሸፋፈን የለበትም። አፖሎ 11 በ1969 ጨረቃ ላይ መስታወት ካስቀመጠ ወዲህ ርቀቷ በሌዘር ይለካል፤ ዛሬ ልኬቱ ከሴንቲሜትር በታች ይደርሳል። በ2009 የመጠቀችው የአሜሪካ መንኮራኩርም የጨረቃን ጋራና ሸለቆ በዝርዝር ለክታለች። ስለዚህ ጨረቃ የት እንዳለች ለማወቅ የኛን ሰዓት የሚጠብቅ የለም። ድሮ ግን ይጠበቅ ነበር። በ1939 እንግሊዛዊው ሃሮልድ ስፔንሰር ጆንስ የምድር መሽከርከር ወጥ እንዳልሆነ፣ አንዳንዴ እንደሚፈጥን አንዳንዴም እንደሚዘገይ ሲያረጋግጥ ካስረጁት መረጃዎች አንዱ በትውልዶች የተጠራቀመ የከዋክብት መጋረድ መዝገብ ነበር።

ዛሬ ዋናው ጥቅም ወደ ከዋክብቱ ዞሯል። ኮከቡ መንታ ከሆነ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ለጥቆ ሌላው ነውና ብርሃኑ በደረጃ ይወርዳል። ለምሳሌ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ የቅስት ሰከንድ ለሃያ የተከፈለ ያህል ብቻ ቢሆን (የቅስት ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ጨረቃ በሰከንድ ግማሽ የቅስት ሰከንድ ያህል ስለምትሄድ በሁለቱ መጥፋት መካከል አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይኖራል። በሰከንድ 25 ምስል የሚያነሣ ቪዲዮ ይህን በሁለት ወይም በሦስት ምስል ያሳያል። ትልልቅ ቴሌስኮፖች እንኳ እንደ አንድ ነጥብ የሚያዩትን መንታ ከጣሪያ ላይ መለየት ይቻላል ማለት ነው። የአንታሬስ ጓደኛ ኮከብ በ1819 ቪየና ላይ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዮሐን ቢዩርግ የተባለው ሰው አንታሬስ ከጨረቃ ጀርባ ሲወጣ መጀመሪያ ደካማ ብርሃን፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ደማቁን አየ። በ1962 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ በፓርክስ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚመራመሩ ሰዎች ጨረቃ አንድ የሬዲዮ ሞገድ የሚረጭ የሰማይ ምንጭ ስትጋርድ ሰዓት ይዘው ቦታውን በትክክል ለዩት። በተከታዩ ዓመት ማርተን ሽሚት ያ ምንጭ ቢሊዮን የብርሃን ዓመታት የሚርቅ ኩዌዛር (እጅግ ደማቅ የሆነ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት) መሆኑን ደረሰበት።

ስለዚህ «ኮከቡ ቀስ ብሎ ጠፋ» ወይም «ሁለት ጊዜ ቀነሰ» ብላችሁ የምትጽፉት አንድ መስመር ከሰዓቱ ራሱ ሊበልጥ ይችላል። «ዓይኔ ይሆናል» ብላችሁ አትሰርዙት።

ኮከብ ቆጠራ ነው እንዴ?

አይደለም። ግን ስሞቹን የምታውቁ ከሆነ መንገዱ አይጠፋችሁም፤ ጨረቃ የምትጓዘው በእነዚያው ሰፈሮች ነው። ልትጋርዳቸው ከምትችላቸው ደማቅ ከዋክብት አልደባራን በሰውር፣ ሬጉለስ በአሰድ፣ ስፓይካ በሰንቡላ፣ አንታሬስ በአቅራብ ይገኛሉ። ሐረር ዐረብኛ የቀራ ሰው አልደባራን «ተከታዩ» ማለት መሆኑን ይነግራችኋል፤ ሰባቱን ከዋክብት ፕሌያዲስን ተከትሎ ስለሚወጣ ነው።

ምን ዓይነት ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል?

ለደማቆቹ የርቀት መነጽር ይበቃል፣ በሆነ ነገር ላይ ተደግፎ ካልተንቀጠቀጠ። ስፋቱ ከ6 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ ካላችሁ በጨለማው የጨረቃ ጠርዝ በኩል በዓይን የማይታዩ ብዙ ከዋክብትን ትይዛላችሁ። ገንዘብ ካላችሁ ከመስታወቱ ይልቅ ሰዓቱ ላይ አውጡት።

የትኛው ኮከብ መቼ እንደሚጋረድ እንዴት አውቃለሁ?

አውስትራሊያዊው ዴቭ ሄራልድ የጻፈው «ኦካልት» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የቦታችሁን ልክ ስትሰጡት የወሩን ዝርዝር ያወጣል። ስቴላሪየም የተባለው የሰማይ ካርታም ለመለማመድ ይረዳል።

የድሬዳዋን ዝርዝር ሐረር ላይ፣ የሐረርን ድሬዳዋ ላይ አትጠቀሙ። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ነገር ግን የአንድን ኮከብ ብርሃን የምትከልለው የጨረቃ ጥላ መሬት ላይ በሰከንድ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ያህል ሊደርስ ይችላል። ያ ደቂቃ ሻይ ለማቅረብ ወደ ቤት የገባችሁበት ደቂቃ እንዳይሆን።

ለጀማሪ የሚመቸው ጨረቃ ከተወለደች ከሦስተኛው ቀን እስከ አሥረኛው ያለው ነው። ያኔ ኮከቡ የሚጠፋው በጨለማው ጠርዝ፣ ያውም በምሽት ነው። ከሙሉ ጨረቃ በኋላ በጨለማው ጠርዝ የሚሆነው መውጣት ነው፤ ያልነበረ ነገር ድንገት ብቅ ሲል መጠበቅ ከባድ ነው፣ ሰዓቱም ሌሊት ነው። በብርሃናማው ጠርዝ የሚሆነውን እጅግ ደማቅ ኮከብ ካልሆነ ተዉት።

በፈረንጅ ሥዕሎች ላይ ጨረቃ ቆማ ነው የምትታየው፤ የእኛ ግን ተንጋላለች። የቱ ጋ ልጠብቅ?

ይህን ማንም አይጽፍልንም። እኛ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ነን፤ ምሽት ላይ አዲሷ ጨረቃ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ትተኛለች። የረመዳንን ጨረቃ ከግንብ ላይ ለሚጠብቅ የሐረር ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ወደ ምዕራብ ዞራችሁ ስትቆሙ ሰሜናዊው ቀንድ በስተቀኝ ነው፣ ጨለማው ጠርዝ ደግሞ ከላይ። ኮከቡ የሚጠፋው በጨረቃዋ አናት በኩል ይሆናል። ዝርዝሩ «ከሰሜን ቀንድ 60 ዲግሪ» ካለ ከቀኝ ቀንድ ተነሥታችሁ በጨለማው ጠርዝ ላይ ወደ ላይ ቁጠሩ። ቴሌስኮፓችሁ ምስል የሚገለብጥ ከሆነ ያንንም አስቡበት።

ሰዓቱን በምን ልያዝ? የስልኬ ሰዓት አይበቃም?

የስልክ ሰዓት አንድ ሁለት ሰከንድ ሊስት ይችላል፣ መሳቱንም አይነግራችሁም። የኤፍኤም ሬዲዮና የቴሌቪዥን የሰዓት ምልክት በሳተላይትና በዲጂታል መሣሪያ ስለሚያልፍ ዘግይቶ ይደርሳል። ጂፒኤስ ተቀባይ አስተማማኝ ነው፤ እርሱም ቢሆን እንደበራ አይታመንም። የጂፒኤስ ሥርዓት የራሱ ሰዓት ከ2017 ጀምሮ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ከዩቲሲ በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ተቀባዩ ይህን ማስተካከያ ከሳተላይት እስኪያወርድ አሥራ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሊፈጅበት ስለሚችል ሃያ ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ክፈቱት።

በዓይን ለሚያይ ሰው የሚሆነው ዘዴ ቀላል ነው። ስቶፕዎቹን ኮከቡ ሲጠፋ አስነሡ፣ ከዚያ የጂፒኤሱ ሰዓት ሙሉ ደቂቃ ሲመታ አቁሙ፣ ያለፈውንም ጊዜ ቀንሱ። ዓይን አይቶ ጣት እስኪጫን ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ያንንም ቀንሱ፣ መቀነሳችሁንም በምትልኩት ቅጽ ላይ ጻፉ። ሳይጽፉ መቀነስ ከባድ ስሕተት ነው፤ ሪፖርቱን የሚቀበለው ሰው ደግሞ ሊቀንሰው ይችላልና።

የተሻለው ቪዲዮ ነው። እያንዳንዱ ምስል ላይ የጂፒኤስን ሰዓት የሚያትም ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በእርሱ የተቀዳ ቪዲዮ እስከ ጥቂት መቶኛ ሰከንድ ይታመናል። እዚህ ገዝቶ ማግኘት ቀላል አይደለም። እስከዚያው ስልካችሁን ቴሌስኮፑ ላይ አስራችሁ እየቀረጻችሁ አጠገቡ ሰዓት የሚመታ መሣሪያ ድምፅ አስገቡበት፤ ከጣት ይሻላል።

«ማታ 2 ሰዓት ከ42» ብዬ ልጻፍ?

በፍጹም። ከድሬዳዋና ከሐረር የሚላክን ሥራ ሊያበላሽ የሚችለው አንደኛው ነገር ደመና አይደለም፣ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ቅጹ የሚቀበለው ዩቲሲን ብቻ ነው፤ አገራችን ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ ስድስት ሰዓት ይጀምራል። ለማታና ለሌሊት የምጠቀምበት መንገድ ይህ ነው፦ በእኛ ሰዓት ላይ 15 ደምሩ፤ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። ማታ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ፣ 17 ሰዓት ከ42 ይሆናል። ሌሊት 10 ሰዓት፣ 25 ይመጣና 1 ሰዓት ይሆናል። የምሽቱን 12 ሰዓት እንደ ዜሮ ቁጠሩት።

የባሰው ቀኑ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ስልካችሁ አዲስ ቀን ገብቷል ይላል፣ በዩቲሲ ግን ገና ትናንት ነው። የመጀመሪያው ሪፖርቴ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ከ20 ያየሁትን 22 ሰዓት ከ20 ብዬ በትክክል ቀየርኩና ቀኑን ሳልነካው ላክሁ። ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች፤ በሪፖርቴ መሠረት ጨረቃ ኮከቡን ከጋረደችው በኋላ አንድ ቀን ተጉዛ፣ 13 ዲግሪ ርቃ ሳለ ነው ኮከቡ የጠፋው። ሪፖርቶቹን የሚሰበስበው አስተባባሪ በትሕትና «ቀኑን ደግመው ቢያዩት» ብሎ ጻፈልኝ።

ቀኑ የአውሮፓውያን መሆን አለበት። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ። እኔ ደብተሬ ላይ በሁለቱም እጽፋለሁ፤ አንዱ ሌላውን ይቆጣጠረዋል።

ቦታዬን እስከ ምን ድረስ ማወቅ አለብኝ?

«ድሬዳዋ» አይበቃም፣ «ሳቢያን» ብሎ ሰፈር መጥራትም አይበቃም። አንድ የቅስት ሰከንድ መሬት ላይ 31 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ያነሰ ስሕተት ይፈለጋል። ጂፒኤሱን ቴሌስኮፑ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተዉትና ኬክሮሱን፣ ኬንትሮሱን፣ ከባሕር ጠለል ያለውን ከፍታ ጻፉ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,885 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ ቁጥራችሁ ከዚህ እጅግ ከራቀ ጠርጥሩ።

የድሮ የአገራችን ካርታዎችን ለዚህ አትጠቀሙ። «አዲንዳን» በሚባል የመነሻ ልኬት የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ደብልዩጂኤስ 84 ጋር የሚለያዩት በ200 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት መቶ ሜትር ማለት በጥላው ፍጥነት ከአንድ አምስተኛ እስከ ሁለት አምስተኛ ሰከንድ ነው፤ ያን ሁሉ ለፍታችሁ ያገኛችሁት ትክክለኛነት በካርታ ይበላል።

ቅጹ ላይ ምን ምን ይሞላል?

የኤክሴል ቅጽ አለ፤ በኦካልት ፕሮግራም ውስጥም መሙላት ይቻላል። አንድ ጊዜ የሚሞላው ስለ እናንተ፣ ስለ ቦታውና ስለ ቴሌስኮፑ ነው፦ ዓይነቱ፣ ስፋቱ በሴንቲሜትር፣ ኮከብን በሞተር ይከተል ወይም በእጅ ይገፋ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ኮከብ ቁጥሩ፣ መጥፋት ወይም መውጣት፣ በጨለማው ወይም በብርሃኑ ጠርዝ፣ ሰዓቱ፣ የእጅ መዘግየቱ፣ የሰዓት አያያዙ፣ የአየሩ ጥራት። የኮከብ ቁጥር በተለያዩ መዝገቦች ይለያያል። 3,539 ከዋክብትን የያዘው ዜድሲ የተባለው የ1940 መዝገብ እስካሁን ይሠራበታል፤ በእርሱ አልደባራን 692 ነው፣ አንታሬስ 2366።

የምወደው ሳጥን የእርግጠኝነቱ ነው። አንድ ማለት አይቻለሁ፣ ሁለት ማለት ስሕተት ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ማለት ስሕተት ሳይሆን አይቀርም። ሁለት መጻፍ አያሳፍርም። ሁሉም ሪፖርቱ አንድ የሆነ ሰው እኔን ያሳስበኛል።

ስለ ስም፦ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ የለንም። የአባታችሁን ስም በዚያ ቦታ አስገቡ፤ አጻጻፉንም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ወስኑና አትለዋውጡት። ዛሬ በአንድ ፊደል፣ ነገ በሌላ ከጻፋችሁት መዝገቡ ውስጥ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ።

ለማን ይላካል? ይከፈላል?

አይከፈልም፣ አይከፈላችሁምም። ሥራውን የሚያስተባብረው በአጭሩ አዮታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው፤ በ1983 በይፋ የተቋቋመ ሲሆን ከመሥራቾቹ አንዱ አሜሪካዊው ዴቪድ ደንሃም ነው። ቀድሞ ሪፖርቶች የሚሰበሰቡት ብሪታንያ ውስጥ ነበር፤ ከ1981 ጀምሮ እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቶኪዮ ያለ ማዕከል ይሰበስብ ነበር፤ ያ ሲዘጋ አዮታ ተረከበው። በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በምሥራቅ እስያ ክፍሎች አሉት። ለአገራችሁ አስተባባሪ ካላገኛችሁ ለቅርቡ ክፍል ጽፋችሁ ወዴት እንደምትልኩ ጠይቁ። የሞላችሁትን ፋይል በኢሜይል ላኩ። ኔትወርክ የለም ብላችሁ አትጨነቁ፤ የወራት ሥራ አጠራቅሞ መላክ የተለመደ ነው። ተጣርቶ ሲያልቅ ስትራስቡርግ ባለው የከዋክብት መረጃ ማዕከል ለማንም ክፍት ይቀመጣል፤ መዝገቡ የሚጀምረው በ1623 ነው።

ስሌቱና የእኔ ሰዓት አልተገናኙም። ላስተካክለው?

ከመላካችሁ በፊት ፕሮግራሙ የያዛችሁትን ከስሌቱ ጋር ያመሳክራል። ልዩነቱ ልክ አንድ ደቂቃ ከሆነ ደቂቃ ተሳስታችኋል፤ ልክ 18 ሰከንድ ከሆነ ጂፒኤሱን ቀድማችሁ አምናችሁታል። እንዲህ ያለውን ደብተራችሁ ወይም ቪዲዮው ካረጋገጠላችሁ አርሙና ማስታወሻ ጻፉ። ማስረጃ ከሌላችሁ ግን አትንኩት። ስሌቱን ለማስደሰት ግማሽ ሰከንድ የጨመረ ሰው ለሳይንስ የላከው የስሌቱን ቅጂ ነው፤ ያ ደግሞ እነርሱም ዘንድ አለ። ምናልባትም ያ ያልገጠመው ግማሽ ሰከንድ ማንም ያላወቀው መንታ ኮከብ ይሆናል። ካልተማመናችሁ እርግጠኝነት ሦስት ብላችሁ ላኩት፤ ወይም አትላኩት።

ጓደኞች ሆነን ብንሠራስ?

የሚያምረው እንዲያውም እርሱ ነው። ጨረቃ ኮከብን በሰሜን ወይም በደቡብ ጠርዟ ታክካ ስታልፍ ኮከቡ በጨረቃ ተራሮች መካከል ይጠፋል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይጠፋል፤ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ። ይህ የሚታየው ጥቂት ኪሎ ሜትር በሆነ ጠባብ መስመር ላይ ብቻ ነው። መስመሩ በአካባቢያችን ካለፈ አንዱ እዚህ፣ ሌላው አምስት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ሦስተኛው ከዚያ ወዲያ ይቆማል፤ የሁሉም ሰዓት ሲደመር የዚያ ጠርዝ ተራሮች ቅርጽ ይወጣል። ምንም ሳይጠፋበት የቀረውም «አልጠፋም» ብሎ መላክ አለበት፤ የመስመሩን ዳር የሚያሳየው እርሱ ነው።

የትኛው ወቅት ይሻላል? ከየትስ ልይ?

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሰማይ ይመቻል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ብዙ ምሽት በደመና ይጠፋል። ድሬዳዋ ላይ የቀኑ ሙቀት ከጣሪያው ቆርቆሮ እየተነሣ ኮከቡን ያንቀጠቅጠዋልና ከቆርቆሮ ይልቅ ሲሚንቶ ወይም ግቢ ይሻላል፤ ከአቧራው ለመጠበቅ ደግሞ ቴሌስኮፑን ጨርቅ አልብሱት። ሐረር ላይ ብርዱን እንጂ ሙቀቱን አትፈሩም። መብራት ቢጠፋ ጨረቃዋን አይነካትም፤ የሚጎዳው ባትሪውን ያልሞላ ሰው ነው።

ከጀጎል ውጪ፣ ወደ ሐኪም ጋራ በኩል ወጥታችሁ ለማየት ያሰባችሁ ጅቦቹን የምታውቁ ናችሁ። እነርሱ መንገዳቸውን ይዘው ያልፋሉ፤ እናንተ ግን ስቶፕዎቹን በእጃችሁ ይዛችሁ ዞር ብላችሁ እንዳታዩ። አንድ ወዳጄ የዞረው ኮከቡ ሊጠፋ ስምንት ሰከንድ ሲቀረው ነበር፤ ቅጹ ላይ ሰዓቱን ባዶ ትቶ፣ ማስታወሻው ላይ «ጅብ» ብሎ ጻፈ።